በረዶ ሳይተኮስ የበረዶ ግጭትን መለካት
ባሕር ዳር ባለው የጠፈር ሳይንስ ቡድናችን «ላቦራቶሪ ውስጥ በረዶ ይተኩሳሉ?» የሚለው ጥያቄ ተመላልሷል። በጠፈር የበረዶ ቅንጣት መንኮራኩርን ሲመታ የሚሆነውን በውሃና በሌዘር በሚያስመስለው ዘዴ ግን በረዶ አይተኩሱም።

ካሲኒ የተባለው መንኮራኩር የሳተርን ጨረቃ የሆነችውን ኢንሰላደስን አልፎ ሲበር ከእሷ የወጡ የበረዶ ቅንጣቶች መመርመሪያ መሣሪያውን በሰከንድ እስከ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት መትተውታል፤ ጣናን ከጫፍ ጫፍ በ5 ሰከንድ ገደማ እንደማቋረጥ ነው። በረዶን ሳይሰበር እዚህ ፍጥነት ማድረስ እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ 15 ማይክሮ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የውሃ ፍሰት ቫኪዩም (አየር የተመጠጠበት ክፍል) ውስጥ ይለቀቅና በኢንፍራሬድ ሌዘር ይመታል። ውሃው ፈንድቶ ሲበተን የአዮኖቹ (የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች) ክብደት ይለካል፤ ውጤቱም ከጠፈር ከመጣው መረጃ ጋር ይነጻጸራል።

እርግጡ ይህ ነው፦ ውሃው ጨው ካለው የሶዲየም ምልክት ጎልቶ ይወጣል። የሚለዋወጠው የሌዘሩ ኃይልና አዮኖቹ የሚለቀሙበት ቅጽበት ነው፤ በእነሱ ቅንብር ውጤቱ ዝግተኛ ወይም ፈጣን ግጭትን ይመስላል። አንድ ጥንቃቄ፦ ጨው ሲበዛ የአሚኖ አሲድን (የፕሮቲን መገንቢያ ሞለኪውል) ምልክት ሊያዳክም ስለሚችል፣ በንጹሕ ውሃ ብቻ የተለካ ናሙና ለማነጻጸሪያ አይበቃም።