«እሳትና ጭድ» ለምን «እሳትና ድርቆሽ» አልተባለም?

«እሳትና ጭድ ናቸው» የሚባለው አንድ ላይ መኖር ስላልቻሉ ሁለት ሰዎች ነው። አንድ ጎጆ ያልበቃቸው ባልና ሚስት፣ በድንበር የተካሰሱ ወንድማማቾች፣ አንድ ቢሮ የተመደቡ ባላንጣዎች በዚህ አባባል ይጠራሉ። ብዙ ሰው «ጠላቶች ማለት ነው» ብሎ ትርጉሙን እዚያው ይዘጋዋል። ይህ አይበቃም ባይ ነኝ። ከቢቸና እስከ አዴት፣ ጤፍ ታጭዶ በሚወቃበት የጎጃም ምድር ላደገ ሰው ቃሉ ሌላም ነገር ይነግረዋል። አባባሉ ሣር፣ ድርቆሽ፣ ገለባ፣ እብቅ፣ አገዳ ሁሉ እያሉለት ጭድን መርጧልና።

ዛሬ ከተማ ውስጥ ከብት የሚበላው ደረቅ ነገር ሁሉ በአንድ ስም ይጠራል፤ አንዱ ጭድ ሲለው ሌላው ድርቆሽ ይለዋል። ገበሬው ግን አያምታታቸውም። ድርቆሽ ለከብት ተብሎ የታጨደ ሣር ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ ሣሩ አብቦ ገና ሳይገረጅፍ በማጭድ ይታጨዳል፤ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ እየተገላበጠ ደርቆ ይከመራል። ቃሉ «ደረቀ» ከሚለው ግሥ የወጣ በመሆኑ ለውጭ አገር ዘመድ የሚላከው የደረቀ እንጀራም ድርቆሽ ይባላል። ጭድ ግን ትራፊ ነው። ሰው ፍሬውን ከወሰደ በኋላ የቀረ፣ በበሬ ኮቴ የደቀቀ የእህል አገዳ ነው፤ በጎጃም ከሁሉም በላይ የጤፍ። ልዩነቱ ከብቱ ሆድ ውስጥም ይታወቃል። በመኖ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ከ7 በመቶ ገደማ ሲያንስ በከብቱ ሆድ ውስጥ መኖውን የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ይደክማሉ፣ ከብቱም የሚበላው መጠን ይቀንሳል። በጊዜው የታጨደ ጥሩ ድርቆሽ ከዚህ መስመር በላይ ሊሆን ሲችል የእህል ጭድ ብዙውን ጊዜ ከመስመሩ በታች ነው። ከጭድ መካከል የጤፉ ለስላሳ ስለሆነ ከብት ከስንዴውና ከገብሱ አብልጦ ይወደዋል።

ወደ አውድማው እንሂድ፤ የአባባሉ ሥር ያለው እዚያ ነው። አውድማው በእበት ተለቅልቆ ይደርቃል። ነዶው ይበተንበታል፣ በሬዎቹ እየዞሩ ያበራዩታል። ከዚያ ገበሬው ነፋስ ይጠብቃል። ነፋሱ ሲመጣ በመንሽ ወደ ላይ ይበትነዋል። ፍሬው ከባድ ነውና እግሩ ሥር ይወርዳል፤ ጭዱ ፈንጠር ብሎ ያርፋል፤ እብቁ ደግሞ ርቆ ይሄዳል፣ የሰው ዓይንና አንገት ውስጥ ይገባል። በመጨረሻ በላይዳ ይጣራል። ይህን ቆሞ ያየ ሰው ስለ ጭድ አንድ ነገር አይረሳም፦ ቀላል ነው፣ ነፋስ ባነሳው ቁጥር ይሄዳል። ለእኔ የአባባሉ ልብ ይህ ነው። እሳት ብቻ አይደለም ወደ ጭድ የሚሄደው፤ ጭድም በነፋስ ተነሥቶ ራሱ ወደ እሳት ይሄዳል። ስለዚህ «እሳትና ጭድ» ሲባል አንዱ አጥፊ ሌላው ምስኪን ተጠቂ ተደርጎ የተሳለ አይመስለኝም። በጠቡ ውስጥ የሁለቱም እግር አለበት፣ ነፋሱም ሦስተኛ ነው።

የጭድ ክምር የሚቆመው ከቤት ብዙም ሳይርቅ ነው፤ ከብቱ እዚያው ስላለ። ክብሪት እንደ ልብ ባልነበረበት ጊዜ ደግሞ ልጅ ጎረቤት ቤት እሳት ሊጭር ይላክ ነበር። ፍሙን በገል ላይ አድርጎ፣ አመድ አልብሶ፣ ነፋስ እንዳይነካው በሰውነቱ እየከለለ ይመጣል። በክምሩ በኩል እንዳያልፍ ግን ይነገረዋል፣ ዙሮ ይመጣል። ጥር የካቲት ላይ አንዲት ብልጭታ ክምሩን ቦግ ካደረገችው ቤቱም የሣር ክዳን ነው፣ በረቱም እንደዚያው።

ድርቆሽም ይነዳል፤ ታዲያ ለምን አልተመረጠም? ድርቆሽ የሚኖረው ሜዳ ያለው ሰው ዘንድ ነው፤ ጭድ ግን አርሶ የወቃ ሁሉ ደጃፍ አለ። አባባል ደግሞ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ይፈልጋል። «ገለባ» ቢባልስ? ያኔ ትርጉሙ ይበላሽ ነበር። ገለባ በንግግራችን የንቀት ቃል ሆኗል። ፍሬ የሌለው ወሬ ገለባ ነው፣ ቁም ነገር የሌለው ሰውም ገለባ ነው። በማቴዎስ ወንጌልም መጥምቁ ዮሐንስ በማይጠፋ እሳት ይቃጠላል ያለው ገለባው ነው። ገለባ በእሳት ቢበላ ማን ያዝናል? ጭድ ግን ያሳዝናል። በሬው በጋውን አልፎ ለሰኔ እርሻ የሚደርሰው በጭድ ነው። የቤቱ ግድግዳ ምርጊት ጭቃው የሚያያዘው በጭድ ነው። እንግዳ የሚተኛበት ፍራሽም የሚሞላው በጭድ ነበር። እሳትስ ቢሆን? ያለ እሳት ምጣድ አይሰማም፣ ጎጆ አይሞቅም።

እንግዲህ ሁለቱም የአንድ ቤት ንብረት ናቸው። ባለቤቱ ሁለቱንም ይፈልጋቸዋል፣ ሁለቱንም ይጠብቃል። አንዱን በምድጃ፣ ሌላውን በክምር ያኖራል እንጂ አንዱን ጠልቶ አያባርርም። አባባሉ የሚያወራው ስለ ስፍራ ነው፤ ስለ ጥላቻ አይደለም። በዚህ የተነሣ ከአሥር ዓመት ወዲህ በፖለቲካ ንግግር ውስጥ አባባሉ ለሕዝቦች ሲውል ስሰማ ያመኛል። ገበያ፣ ጋብቻና ደብር የሚጋሩ ሰዎችን እሳትና ጭድ ማለት አባባሉን ከተወለደበት ግቢ አውጥቶ ማጣመም ነው። የተነገረው ለአንድ ወቅት፣ ለአንድ ግቢ፣ ነፋስ ለበዛበት ቀን ነው። የአገር ሽማግሌ የተጣሉ ወንድማማቾችን «እናንተ እሳትና ጭድ ናችሁ» ሲል «ለጊዜው አትቀራረቡ፣ ነፋሱ ይለፍ» ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ ዕርቁን ይዞ ይመጣል።

ሌላውም አባባል ቃሉን እንዲህ ለይቶ ነው የያዘው። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» የሚለውን ወደ ድርቆሽ ወይም ወደ ጭድ ለውጡትና ሞክሩት፤ አይሆንም። ድርቆሽና ጭድ በሬው ካለበት ድረስ በሰው ሸክም ይመጣሉ፣ ገደል የላቸውም። በእግሩ ሄዶ የሚያገኘው ሣሩን ብቻ ነው። ደጀን ጫፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ያየ ሰው፣ ለምለሙ ሣር ከገደሉ አፋፍ ላይ መብቀሉን አይቶ ያውቃል።