«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር»፦ የሸረሪቷ ነው የሸማኔው?

ስለ ሴል መከፋፈል በአማርኛ ሲወራ ይህ አባባል እየተጎተተ ይመጣል። አንዱ ሴል ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ አራት ሆኑ ይባልና «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ማለት ይኸው ነው!» ይጨመርበታል። አባባሉ ግን «ድር ቢበዛ» አይልም፤ «ቢያብር» ነው የሚለው። መብዛትና ማበር ለየቅል ናቸው። የሚያስቀው፣ አባባሉ በሴል መከፋፈል ውስጥ ልክክ የሚልበት ቦታ አለ፤ እሱን ግን ማንም አይጠቅሰውም።

መጀመሪያ ድሩ የማን ነው? ብዙው ሰው የሸረሪት ይመስለዋል። የሸማኔው ነው ባይ ነኝ፤ ምስክሬም ግሱ ነው። ሸረሪት ብቻዋን ታደራለች፤ ከማን ጋር ታብር? የሸማኔው ድር ግን ከሥሩ የማበር ሥራ ነው። ጥጡ በመዳመጫ ተዳምጦ ፍሬው ይወጣል፣ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ይሆናል፣ ከባዘቶው እየተሳበ በእንዝርት ይፈተላል። እንዝርት ማለት ማክበጃ የተሰካባት ቀጭን ዘንግ ናት፤ ጭን ላይ አሽከርክረው ሲለቋት ክሩን እያከረረች ትጠመጥማለች። መክረሩ ካነሰ ክሩ ሲወጠር ይበጠሳል፤ ከበዛ እየተቆላለፈ ይቋጠራል። ለዚህም ነው የድር ፈትል ከማጉ ጠንከር ተደርጎ የሚከረረው። (ዛሬ ብዙ ሸማኔ ለድሩ የፋብሪካ ክር ይጠቀማል፤ የእጅ ፈትሉ ለማጉ ቀርቷል።) ፈትሉ በካስማ ላይ ይደራል፤ ሸማኔውም እግሩን ጉድጓድ ሰዶ፣ ድሩን ከፊቱ ወጥሮ ይቀመጣል። አንዱን ፈትል ሕፃን ይበጥሰዋል። እኩል የተወጠሩት መቶዎቹ ግን ጉልበታም ሰው ቢጎትታቸውም አይበገሩም። ከመካከላቸው የላላች አንዲት ክር ካለች መወርወሪያው የሚጠልፈው እሷን ነው።

እንግዲህ ወደ ሴሉ። ጀርመናዊው ዋልተር ፍሌሚንግ የሳላማንደርን እጭ ሴሎች በቀለም ነክሮ ሲያይ፣ ኒውክሊየሱ (የሴሉ አስኳል) ውስጥ ክር መሳይ ነገሮች ሲወፍሩና ሲለያዩ ተመለከተ። በ1882 እ.ኤ.አ. ሂደቱን ከግሪክኛው «ሚቶስ» ተነስቶ ማይቶሲስ አለው፤ ሚቶስ ደግሞ የሸማኔ ክር ነው። እነዚያ ክሮች ዛሬ ክሮሞሶም ይባላሉ፤ የውርስ መረጃ የያዘውን ዲኤንኤ የተሸከሙት እነሱ ናቸው። እነሱን የሚጎትተውን አካል ደግሞ ሳይንሱ በእንዝርት ስም ይጠራዋል፤ ክር እንደተጠመጠመባት እንዝርት ወገቡ ወፍሮ ሁለት ጫፉ ስለሚሾል ነው። የአንድ ሞያ ቃላት እንዲህ ሲገጣጠሙ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

ፕሮፌዝ በሚባለው የመጀመሪያ ምዕራፍ ላይ ክሮሞሶሞቹ ይጠቀለላሉ፣ እንዝርቱም መደራት ይጀምራል። የኒውክሊየሱ ሽፋን እንደፈረሰ ዋናው ሥራ ይመጣል። ከእንዝርቱ ሁለት ጫፎች፣ ከዋልታዎቹ፣ ማይክሮቱቡል የተባሉ ቱቦዎች ይዘረጋሉ። አንዱ ቱቦ 25 ናኖሜትር ነው ስፋቱ፤ ይረዝማል፣ ድንገት ይፈርሳል፣ እንደገና ይረዝማል፤ በጨለማ እንደሚዳብስ እጅ ነው። በዚያኛው ወገን ያለው አንበሳ ነው፦ የሰው ቁጥር 1 ክሮሞሶም ዲኤንኤው ቢዘረጋ 8 ሴንቲሜትር ያልፋል። በጠላ እርሾ ውስጥ ላንድ ክሮሞሶም አንድ ቱቦ ይበቃል፤ የሰውን ክሮሞሶም ግን ብዙ ቱቦዎች እንደ ነዶ ታስረው፣ ኪኔቶኮር በተባለው መያዣ በኩል ይይዙታል። ማበር ይህ ነው።

መያዝ ብቻም አይበቃም፤ መወጠር አለበት። ክሮሞሶሙ አስቀድሞ ስለተባዛ መንታ ነው፤ አንደኛው መንታ ከወዲህ፣ ሌላው ከወዲያ ዋልታ መያዝ አለበት። ሁለቱም ባንድ ወገን ከተያዙ ውጥረት የለም፤ አውሮራ ቢ የተባለው ኢንዛይም ያንን ልል ቋጠሮ ይፈታዋል፣ እንደገና ይሞከራል። ሜታፌዝ የምንለው ሁሉም መሐል ላይ ተወጥረው የተሰለፉበትን ሰዓት ነው። ከሰው ሴል 46 ክሮሞሶሞች አንዱ ሳይያዝ ከቀረ 45ቱ ይጠብቁታል። ሁሉም ሲያዙ ሴፓሬዝ የተባለው መቀስ መንትዮቹን ያጣመረውን ቀለበት ይቆርጣል፤ አናፌዝ ሆነ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይለያያሉ። አሳሳቹ ስሕተት አንዱ መንታ ከሁለቱም ዋልታ ሲያዝ ነው፤ ክርም ውጥረትም ስላለ የሴሉ የስሕተት ቁጥጥር አያስተውለውም፣ መንታው መሐል መንገድ ላይ ይቀራል፣ ልጅ ሴሎቹም የተዛባ ቁጥር ሊወርሱ ይችላሉ። ቴሎፌዝ ላይ ሽፋኑ ይመለሳል፣ ሴሉም ለሁለት ይቆረጣል፤ ከዚያ ወዲያ ድሩ ሥራውን ጨርሷል።

በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሽንኩርት ይበቃዋል። ሥሩ በኩል ብቻ ውኃ እንዲነካ ብርጭቆ አፍ ላይ ይቀመጥ፤ በ2 ወይም በ3 ቀን ሥር ይሰዳል። የሚፈለገው የመጨረሻዋ 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ናት። ከዚያ በላይ ያለው ሴል ይረዝማል እንጂ አይከፋፈልም፤ ብዙ ተማሪ ባዶ እጁን የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ጫፉ 3 እጅ አልኮልና 1 እጅ አሴቲክ አሲድ ውስጥ ሰንብቶ፣ በ60 ዲግሪ በሞቀ 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ 5 ደቂቃ ያህል ይቆያል። አሲዱ ሴሎቹን ያጣበቀውን ፔክቲን ያላላል፤ ጊዜው ካነሰ ሴሎቹ ተደራርበው ይቀራሉ፣ ከበዛ ሊጥ ይሆናሉ። ታጥቦ በአሴቶ ኦርሴን ከተቀለመ በኋላ መሸፈኛ መስታወቱን በአውራ ጣት ቀጥ አድርጎ ወደ ታች መጫን ነው፤ ጣት ከተንሸራተተ ሴሎቹ ይጠቀለላሉ። በማይክሮስኮፕ 400 እጥፍ አጉልቶ ሲታይ አብዛኞቹ ገና ያልጀመሩ ናቸው፤ ታግሶ መፈለግ ያስፈልጋል።

ሥሩ ከመቆረጡ በፊት ኮልቺሲን በተባለ ኬሚካል ውስጥ ለጥቂት ሰዓታት ከተዘፈዘፈ ሌላ ትዕይንት ይታያል። ኮልቺሲን ቱቦዎቹ እንዳይገጣጠሙ ያደርጋል። የሽንኩርቱ 16 ክሮሞሶሞች አንድም ሳይጎድሉ፣ ወፍረው፣ እንደተደፋ ጭራሮ ተበታትነው ቆመዋል። ቁጥሩ ሙሉ ነው፤ የሚያስራቸው ጠፋ።

ስለ መብዛት ማውራት የፈለገ ሰው «እንደ ባሕር አሸዋ» ቢል ማን ይከለክለዋል? አንድ ሴል 20 ጊዜ ተከፋፍሎ 1,048,576 ሲሆን እሱ ይስማማዋል። ከሁሉ የሚያናድደው አባባሉን ለካንሰር ዕጢ መጥቀስ ነው። ዕጢው ውስጥ ያሉት ሴሎች በዝተዋል እንጂ መች አበሩ? እዚያም ቢሆን ድር የሚገኘው በሚከፋፈለው ሴል ውስጥ ነው፤ ቪንክሪስቲን የተባለው የካንሰር መድኃኒትም የሚመታው እሱኑ ነው፣ ቱቦዎቹ እንዳይደሩ እያደረገ።