የዩኩሌሌ ስታንድ ምንድን ነው? ርካሽ ሆኖ የማይጥለውስ የትኛው ነው?

ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ሳሎን ውስጥ አንድ ነገር ጧ ብሎ ወደቀ። ሮጬ ስደርስ የእህቴ ልጅ ዩኩሌሌ (ጊታር የምትመስል ትንሽ ባለ አራት ክር መሣሪያ ናት) ሴራሚኩ ላይ በአፍጢሟ ተደፍታለች። ከአራቱ መቃኛዎች አንዱ ተሰብሯል፤ ክሩ ላልቶ ተንጠልጥሏል። ያቆምኳት በእኔ የጊታር ስታንድ ላይ ነበር። ስታንዱን ስገዛ ሻጩ "ለሁሉም ይሆናል" ብሎኝ ነበር። ለጊታሬ እውነትም ሆኗል። ለእሷ ግን አልሆነም። ልጅቷ ጠዋት አይታት ያለቀሰችው ለቅሶ አንጀቴን በላው። ከዚያ ወዲህ ስለዚህች ትንሽ ዕቃ ብዙ አሰብኩ፤ ለካሁ፤ በመጨረሻም አንድ አሠራሁ።

ስታንድ ስንል የሙዚቃ መሣሪያን በማንጫወትበት ጊዜ ይዞ የሚያቆይ ማቆሚያ ማለታችን ነው። የዩኩሌሌው ስታንድ ከሌሎቹ ያነሰ ነው። ሥራው ከታች ሰውነቷን መሸከም፣ ከኋላ ደግሞ ጀርባዋን መደገፍ ነው። አንዳንዱ ከላይ አንገቷንም በሹካ መሳይ ነገር ይይዛል።

"ቦርሳዋ ውስጥ ብትቀመጥስ?" ትሉ ይሆናል። ትችላለች። ግን ቦርሳ ውስጥ የገባ መሣሪያ ይረሳል። ልጅ በሚማርበት ቤት ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልጅቷ ዩኩሌሌዋን ካየቻት ታነሳታለች፤ አምስት ደቂቃ ትጫወትና ትመልሳታለች። በቀን አራት ጊዜ እንዲህ ካደረገች ሃያ ደቂቃ ተለማመደች ማለት ነው፤ ማንም "ተለማመጂ" ሳይላት። ስታንድ ግዙ የምለው ለዚህ ነው።

ዩኩሌሌ የሃዋይ ልጅ ናት። ኦገስት 23 ቀን 1879 እ.ኤ.አ. ሬቨንስክራግ የምትባል መርከብ ከፖርቱጋል ማዴራ ደሴት ለሸንኮራ አገዳ እርሻ የመጡ ሰዎችን ይዛ ሆኖሉሉ ደረሰች። ከመንገደኞቹ መካከል ማኑዌል ኑኔስ፣ አውጉስቶ ዲያስና ዦዜ ዶ ኤስፒሪቶ ሳንቶ የሚባሉ የእንጨት ባለሙያዎች ነበሩ። ከማዴራ የመጣችው ትንሽ ባለ አራት ክር መሣሪያ በእነሱ እጅ ዩኩሌሌ ሆነች። ስሟን ብዙ ሰው "ዘላይ ቁንጫ" ብሎ ይተረጉመዋል። አንድ ጊዜ በእጁ የያዛት ሰው ስሙ ይገባዋል። ሶፕራኖ የሚባለው ትንሹ ዓይነት ርዝመቱ 53 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አብዛኞቹም ግማሽ ኪሎ አይሞሉም።

ችግሩ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው። የጊታር ሆድ ከ36 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። የሶፕራኖ ሆድ ግን 17 አካባቢ ነው። የእኔን የጊታር ስታንድ በሜትር ስለካው መሣሪያውን ከታች በሚሸከሙት ሁለት ክንዶች መካከል 16 ሴንቲ ሜትር አለ። ለካ በየጎኑ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቻ ተንጠልጥላ ነበር ያደረችው! ታችኛው ጠርዟ ደግሞ ክብ ነው፤ ትንሽ ሲነካኳት ትሾልካለች። የአንገቱ ሹካም አልጠቀማትም፤ ለረጅም አንገት የተሠራ ስለሆነ ከራሷ በላይ ነው የቆመው።

ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ ሜትር ያዙ። መጀመሪያ የምትለኩት በክንዶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ነው። እኔ የማምነው ክፍተቱ ከዩኩሌሌዋ ስፋት ግማሽ አካባቢ ሲሆን ነው፤ ለሶፕራኖ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር። ቀጥሎ የክንዱን ርዝመት ለኩ። የዩኩሌሌ ሆድ ውፍረት 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ክንዱ ከዚያ ትንሽ ማለፍ አለበት፤ ጫፉም ወደ ላይ ቀና ማለት አለበት። ይህቺን ቀና ያለች ጫፍ እኔ "ከንፈር" እላታለሁ። ከንፈር የሌለውን ስታንድ በነፃ ቢሰጡኝ አልወስድም። ከሶፕራኖ የሚበልጡት ኮንሰርት (ርዝመቱ 58 ሴንቲ ሜትር ገደማ) ወይም ቴነር (66 ገደማ) ያላችሁ በራሳችሁ መሣሪያ ስፋት አስሉት። ልጁ ነገ ወደ ትልቁ ይሸጋገራል ብላችሁ ካሰባችሁ ክንዱ የሚጠብና የሚሰፋ ስታንድ ፈልጉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። አንድ ስታንድ የማይወድቀው ለምንድን ነው? ብዙ ሰው ብረት ስለሆነ ወይም ውድ ስለሆነ ይመስለዋል። አይደለም። ወሳኙ የመሣሪያው ክብደት የት ላይ እንደሚያርፍ ነው። ዩኩሌሌዋን አጋድማችሁ በአንድ ጣት ላይ አስቀምጧትና ሳትወድቅ የምትቆምበትን ቦታ ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ በድምፅ ቀዳዳውና አንገቱ ከሰውነቱ በሚጋጠምበት ቦታ መካከል ታገኙታላችሁ። የእህቴ ልጅ ዩኩሌሌ ላይ ያ ነጥብ ከታችኛው ጠርዝ 24 ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። መቃኛዎቿ የብረት ማርሽ ስላላቸው ራሷን ትንሽ ያከብዱታል።

ከዚያ ነጥብ ቱንቢ ወደ መሬት ጣሉ እንበል። ቱንቢው በስታንዱ እግሮች መካከል ካረፈ ዩኩሌሌዋ ትቆማለች። ከእግሮቹ ካለፈ ከነስታንዷ ትወድቃለች። ዩኩሌሌዋ 20 ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ብታጋድል ቱንቢው የሚያርፈው ከታችኛው ጠርዝ 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ነው። የኋላ እግሩ 9 ሴንቲ ሜትር ላይ ካለቀ ትቆማለች፤ ግን አንድ ልጅ በክርኑ ሲነካት አለቀላት። 15 ወይም 16 ሴንቲ ሜትር ድረስ ከሄደ ግን እፎይ ማለት ይቻላል። ጊታር ሲነካ በክብደቱ ይቋቋማል። ዩኩሌሌ ያ ክብደት የላትም። ንፋስ የነፋበት መጋረጃ እንኳ ይገፋታል። ስለዚህ ለትንሽ መሣሪያ ትንሽ እግር ይበቃል ማለት ስህተት ነው።

የጀርባው መደገፊያ ቁመትም አለ። ከሚዛኑ ነጥብ ብዙ ዝቅ ካለ ዩኩሌሌዋ መደገፊያውን በኃይል ትጫነዋለች፤ ታችኛው ጠርዟም ወደ ፊት ይንሸራተታል። ያኔ ግፊቱ ሁሉ የስታንዱ ከንፈር ላይ ይወድቃል። መደገፊያው ወደ ነጥቡ በቀረበ ቁጥር ሁሉም ነገር ይረጋጋል።

ሱቅ ውስጥ ይህን ሁሉ ማስላት አያስፈልግም። ዩኩሌሌዋን ይዛችሁ ሂዱና አቁሟት። አንድ እጃችሁን ከሥሯ አዘጋጁ። በሌላው እጅ ጣት ራሷን ወደ ጎን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ገፋ አድርጉና ልቀቋት። ተመልሳ ከተቀመጠች ጥሩ። ከተወዛወዘች ወይም የስታንዱ አንድ እግር ከመሬት ከተነሳ ተዉት። ወደ ፊትና ወደ ኋላም ሞክሩ። ሻጩ ፊቱን ቢያጨማድድም ግድ የለም፤ የሚሰበረው የእናንተ ዕቃ ነው።

ዓይነቱን በተመለከተ ብዙ አልልም። ታጣፊ የፕላስቲክ ስታንድ ከሁሉም ይረክሳል፤ ቦርሳም ይገባል፤ ማጠፊያው ላልቶ ከሆነ ግን አትግዙት። ከእንጨት ተቆርጦ እርስ በርሱ የሚሰካካው ብሎን የለውም፤ አይዝግም። የቧንቧ ብረቱ ጠንካራ ነው፤ ለዩኩሌሌ ወይም ለቫዮሊን ተብሎ የተሠራው ይሆናል። አሜሪካ ያለ ዘመድ የሚልክላችሁ ከሆነ ከ10 እስከ 20 ዶላር ባለው ዋጋ ደህና ዕቃ ይገኛል። ከዚያ በላይ ማውጣት ለአንዲት ሶፕራኖ አያስፈልግም።

ግድግዳ ላይ መስቀልስ? ክራር ያለበት ቤት ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ቀንበሩን ምስማር ላይ ማንጠልጠል ነው። ዩኩሌሌ ቀንበር የላትም፤ ግን ራሷ ከአንገቷ ስለሚሰፋ ሹካ ያለው መስቀያ ይይዛታል። ብሎኬት ግድግዳ ከሆነ በድሪል በስታችሁ ፊሸር አስገቡ፤ ልስኑ ላይ ብቻ የተመታ ምስማር ይነቀላል። ኪራይ ቤት የምትኖሩ ደግሞ አከራያችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ ልጅ ባለበት ቤት የወለሉን እመርጣለሁ፤ ልጅቷ ወንበር ላይ ሳትወጣ ትደርስበታለች።

አንድ ነገር ብዙ ሰው አያስተውልም፤ ስታንዱ ላይ የተለበጠውን ስፖንጅ ወይም ጎማ። አንዳንድ የጎማና የፕላስቲክ ዓይነት ናይትሮሴሉሎስ የሚባለውን ቫርኒሽ ቀስ በቀስ ያለሰልሰዋል፤ ምልክትም ይተዋል። ርካሽ ዩኩሌሌዎች አብዛኞቹ በፖሊዩሬቴን ወይም በፖሊስተር ስለሚቀቡ ይህ ብዙም አያሰጋቸውም። የቆየ ወይም ውድ መሣሪያ ካላችሁ ግን ስታንዱ መሣሪያውን የሚነካበትን ቦታ ሁሉ በጥጥ ጨርቅ ሸፍኑት። እኔ ያረጀ ነጠላ ቀድጄ ጠቀለልኩበት።

ከገበያ የሚሆን ስታጡ አናጢ ጋ ሂዱ። የእኔ ከ12 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ነው የተሠራው፤ ያውም ከቁርጥራጭ። በ"ኤል" ፊደል ቅርጽ የተቆረጡ ሁለት ጎኖች አሉት። ጀርባቸው 22 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ትንሽም ወደ ኋላ ያጋድላል። ከፊት 3 ሴንቲ ሜትር ከንፈር አላቸው። እግራቸው ከጀርባው አልፎ ይሄዳል። በመካከላቸው 9 ሴንቲ ሜትር ክፍተት አለ፤ ሁለት አግዳሚ እንጨት በኮላና በብሎን ያያይዛቸዋል። አናጢው ጠርዙን ሁሉ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰልኝ። ከእግሩ ሥር አራት ቁራጭ ጎማ ለጠፍኩ፤ ሴራሚክ ላይ ያለ ጎማ ይንሸራተታል። የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረግነው ዩኩሌሌዋ ባላት ርዝመትና ክብደት ልክ በመረጥነው ዱላ ነው፤ እሷን ያስቀመጥናት ዱላው ሲገፋ አልወድቅ ካለ በኋላ ነው።

ቦታውንም ምረጡለት። በር ሲከፈት የማይደርስበት፣ ፀሐይ በቀጥታ የማይመታው፣ ከምድጃም የራቀ ይሁን። ዩኩሌሌዋ ከሙሉ ጣውላ የተሠራች ከሆነች በበጋ ደረቅ አየር ልትሰነጠቅ ትችላለች፤ ለሳምንታት ካልተጫወታችሁ ወደ ቦርሳዋ መልሷት። የእኛ አሁን ከመጽሐፍ መደርደሪያው ጎን ናት። የስታንዱ እግሮች የሚያርፉበትን ሴራሚኩ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጌበታለሁ። ቅዳሜ ቤት ሲጸዳ ይነሳል፤ ልጅቷ ራሷ ወደ ምልክቱ ትመልሰዋለች።