ሴንሰሩ ይተኛል፣ ራውተሩ ነቅቶ ያድራል

ሴንሰር ለብቻው ምስኪን ነገር ነው። ትንሽ ባትሪ፣ ደካማ ሬዲዮ፣ በቃ። ሙቀት ወይም እርጥበት ይለካል፣ ለጎረቤቱ ያቀብላል፣ ይተኛል። እንቅልፉ ስንፍና አይደለም። ባትሪው ለወራት የሚቆየው በዚሁ ነው።

ጣጣው ቅብብሉ ሲረዝም ይመጣል። መረጃው ሁሉ ወደ አንድ መሰብሰቢያ ከሄደ፣ እዚያ አጠገብ ያሉት ሴንሰሮች የሌላውንም ሸክም ይሸከማሉ። ስለዚህ ቀድመው ይሞታሉ። ከኋላ ያሉት ደግሞ ባትሪያቸው ሳያልቅ መውጫ ያጣሉ።

ገመድ አልባ ሜሽ፣ ማለትም ራውተሮች እንደ መረብ ተያይዘው መረጃ የሚቀባበሉበት ሥርዓት፣ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የሜሽ ራውተሮች ኃይል የሚያገኙት ከመብራት መስመር ወይም ከሶላር ስለሆነ አይተኙም። አንዱ ቢወድቅ መረጃው በሌላው በኩል ይዞራል። ሴንሰሮቹ በቡድን ተከፋፍለው በየአቅራቢያቸው ላለ ራውተር ካስረከቡ መንገዱ ያጥራል። በ2002 በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ ግሬት ደክ ደሴት ላይ የባሕር ወፎችን ጎጆ ለመከታተል የተዘረጋው ሥርዓት፣ ሜሽ ባይባልም፣ ሥራውን በዚህ መልክ ነበር የከፋፈለው፤ ጎጆው ውስጥ ትንንሽ ሴንሰሮች፣ ከላያቸው ጠንከር ያለ አስተላላፊ።

እውነተኛው ፈተና ሴንሰሮቹና ሜሹ የሚገናኙበት መገጣጠሚያ፣ ማለትም ጌትዌዩ ነው። ብዙዎቹ ሴንሰሮች የሚጠቀሙበት 802.15.4 የተባለው የሬዲዮ መግባቢያ ደረጃ በአንድ ጊዜ የሚያስተላልፈው ቢበዛ 127 ባይት ነው። አይፒቪ6 የተባለው የኢንተርኔት መግባቢያ ደንብ ደግሞ ቢያንስ 1280 ባይት የሚችል መስመር ይፈልጋል። ዝሆንን በመርፌ ቀዳዳ እንደማሳለፍ በሉት። በ2007 የወጣው ሲክስሎውፓን የተባለው ደንብ መላውን የመረጃ እሽግ እየቆራረጠ፣ የአድራሻውን ክፍል እየጨመቀ ያሳልፋል።

ሌላው ራስ ምታት አየሩ ነው። የሜሹ ዋይፋይም፣ በ802.15.4 ላይ የተገነባው የሴንሰሮቹ ዚግቢም 2.4 ጊጋኸርትዝ ላይ ይሠራሉ፤ የዋይፋዩ ድምፅ ግን እጅግ ይበልጣል። ሜሹ በቻናል 1፣ 6 ወይም 11 ላይ ከሆነ፣ የዚግቢ ቻናል 26 ከግርግሩ ውጭ ነው። እሱም ቢሆን ነጻ ስጦታ አይደለም፤ አንዳንድ መሣሪያዎች እዚያ ላይ የሚያስተላልፉት በተቀነሰ ጉልበት ነው። ሁለቱ ሬዲዮዎች አንድ ሳጥን ውስጥ ከገቡማ ቻናል መምረጥ ብቻውን አይበቃም። አንቴናዎቹን ማራራቅ፣ ካልሆነም አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም እንዲል ተራ ማስያዝ ያስፈልጋል።