“አታስቢ” አይበቃም

ድሬ ዳዋ የኖረ ሰው ይህን ያውቃል። ከተማው ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ ኮከብ እየታየ፣ ከተማውን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ሊሞላ ይችላል። ዝናቡ የሚጥለው ላይ ነው፤ ደንገጎና ከዚያ ወዲያ ባለው ደጋ። እኛ ታች ግቢ ውስጥ ፍራሽ አውጥተን ነፋስ ስንጠብቅ፣ ውሃው ከላይ ጉዞ ጀምሯል።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ የሆነውም እንዲህ ነው። ሰው በተኛበት፣ በሌሊት፣ ጎርፉ መጣ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤታቸውን አጡ። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ቤታችን ከወንዙ ራቅ ያለ ስለነበር እኛን አልነካንም። ጠዋት ከእናቴ ጋር ወርደን ያየነው ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ትናንት ሱቅ የነበረበት ቦታ ጭቃና የተጣመመ ቆርቆሮ ሆኗል።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ክረምት ሲገባ ማታ ማታ በር ላይ ቆማ ወደ ደንገጎ ታይ ነበር። ደመና ካለ አትተኛም። ይህን ልማድ ከእሷ ወረስኩት። የኔ ግን ክረምት ብቻ አልሆነም። በጋም ክረምትም፣ ያለም የሌለም ደመና እያየሁ ማደር ጀመርኩ።

ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። በጅቡቲ መስመር ይመላለሳል። ከድሬ እስከ ድንበሯ ከተማ ደወሌ ባለው በረሃ ኔትወርኩ የሚይዘው አለፍ አለፍ ብሎ ነው። ስልኩ “ማግኘት አይችሉም” ባለኝ ቁጥር እኔ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ መኪናውን እገለብጠዋለሁ። አዎ፣ እኔው እገለብጠዋለሁ። መንገዱን አላየሁትም፣ ግን ገደሉን ሠርቼ፣ መኪናውን አስገብቼ፣ ሬሳ አምጥቼ፣ ለቅሶ ተቀምጬ ይነጋል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ያላለቀሰ ሰው ይህን ላይረዳው ይችላል። ያለቀሰ ግን ያውቀዋል።

ለጎረቤት ስነግር መልሱ አንድ ነው። “አቦ አታስቢ!” በፍቅር ነው የሚሉኝ፣ አውቃለሁ። እኔም ለሌላ ሰው እንዲሁ ብያለሁ። ግን “አታስቢ” የተባለ ሰው አስቦ ያውቃል እንጂ አቁሞ አያውቅም።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆይታ እንድናደርግ እፈልጋለሁ፤ ቋንቋችን ራሱ የሚያስተምረን ነገር አለና። በአማርኛ “ማሰብ” ሁለት ፊት አለው። “ሐሳብ ገባኝ” ስንል ጭንቀት ያዘኝ ማለታችን ነው። “ታስብልኛለች” ስንል ደግሞ ትወደኛለች፣ ጉዳዬ ጉዳይዋ ነው ማለታችን ነው። ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 5 ቁጥር 7 ላይ ምን አለ? “እርሱ ስለ እናንተ ያስባልና የሚያስጨንቃችሁን ሁሉ በእርሱ ላይ ጣሉት።” ይህን ጥቅስ ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። “ያስባልና” የምትለው ቃል ግን ብዙ ዓመት አላየኋትም። ጴጥሮስ “አታስቡ” ብሎ አላቆመም። የሚያስብ ሌላ አለ እያለ ነው። ጉዳዩ ያለ አሳቢ አይቀርም፤ አሳቢው ይለወጣል።

“ጣሉት” እንዴት ነው ታዲያ? የኔ ችግር እዚህ ነበር። እጸልያለሁ፣ “ጌታ ሆይ ጥዬዋለሁ” እላለሁ፣ አሜን ብዬ ስነሳ ጭንቀቱን ከምንጣፉ ላይ አንስቼ ይዤው እሄዳለሁ።

የጸሎት ኅብረታችን ውስጥ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት አሉ። አንድ ቀን ከጸሎት በኋላ ይህንኑ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና የነጠላቸውን ጫፍ አሳዩኝ። ጫፉ ላይ ጠበቅ ጠበቅ ያሉ ትናንሽ ቋጠሮዎች አሉ። ገንዘብ መስሎኝ ነበር። “ይሄ የጎረቤቴ ልጅ ናት፣ መውለጃዋ ደርሷል። ይሄ የቤት ጉዳይ ነው። እግዚአብሔር ሲመልስልኝ እፈታዋለሁ” አሉኝ። ቀጥለውም፣ “እኔ ፊደል አልቆጠርኩም ልጄ። አንቺ ተምረሻል፣ ጻፊው” አሉኝ።

በማግስቱ ከሱቅ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁ።

ስለ መጻፍ ሳስብ ቶሎ ትዝ የሚለኝ ንጉሥ ሕዝቅያስ ነው። ታሪኩ በ2ኛ ነገሥት 18 እና 19 ይገኛል። ክርስቶስ ከመወለዱ 701 ዓመት ገደማ በፊት የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም የይሁዳን የተመሸጉ ከተሞች ይዞ ኢየሩሳሌምን አስጨነቀ። ከዛቻው በኋላ ደብዳቤ ላከ። አምላክህ አያድንህም የሚል ደብዳቤ ነው። ሕዝቅያስ ምን አደረገ? ተቀበለው፣ አነበበው፣ ወደ እግዚአብሔር ቤት ወጣ፣ “በእግዚአብሔር ፊት ዘረጋው።” ይህ ቃል ልቤን ይነካዋል። ደብዳቤውን አልቀደደውም፤ ትራሱ ሥርም አልደበቀውም። ዘረጋው። አንተው አንብበው እንደ ማለት።

ጸሎቱን ደግሞ ስሙት። በምዕራፍ 19 ቁጥር 17 ላይ “በእውነት” ይላል። በእውነት የአሦር ነገሥታት አሕዛብን አጥፍተዋል ይላል። አላሳነሰውም። እምነት ማለት ነገሩን አቃልሎ ማየት የሚመስለን አለን፤ “ምንም የለም፣ ምንም አልሆነም” ማለት መንፈሳዊነት የሚመስለን። ሕዝቅያስ ግን እውነቱን እንዳለ ነው የተናገረው። እግዚአብሔር የተቀባባ ሪፖርት አይፈልግም።

እኔም ደብተሬን እንዲህ ልዘርጋ ብዬ ጀመርኩ። መጀመሪያ ግን ተሳሳትኩ። ለሁለት ሳምንት ያህል ጭንቀቴን ብቻ ጻፍኩ። ምን እንደምፈራ፣ ለምን እንደምፈራ፣ ቢሆን ምን እንደሚውጠኝ። ባሰብኝ። ያው ሐሳቤን በእስክሪብቶ ማብሰልሰል ሆነ። አንድ ሌሊት ወደ ኋላ ገልጬ ሳነበው ገባኝ። “እኔ፣ እኔ፣ እኔ” ይላል እንጂ አንድም ቦታ “አንተ” አይልም። ለካ ለራሴ ነበር የምጽፈው።

መዝሙር 77ን በዚያው ሰሞን ነው ያነበብኩት። አሳፍ በሌሊት የተጨነቀ ሰው ነው። መጀመሪያ ላይ ስለ ራሱ ይናገራል፤ ጮኽሁ፣ ተጨነቅሁ፣ እግዚአብሔር ለዘላለም ይጥላልን ይላል። ወደ መካከሉ ሲደርስ የእግዚአብሔርን ሥራ ማስታወስ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ “አንተ” ማለት ነው፤ ባሕሩን፣ ሕዝቡን የመራበትን መንገድ እያነሳ። የተጨነቀበት ነገር ተፈታ አይልም። የሚናገረው ለማን እንደሆነ ግን ተለውጧል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ገጽ “ጌታ ሆይ” ብዬ እጀምራለሁ። ቀኑን እጽፋለሁ። የፈራሁትን ሳላሳምር እጽፋለሁ። “የቤቱ ባለቤት ኪራይ እጨምራለሁ ብለዋል፣ ከየት እንደምናመጣ አላውቅም” ብዬ፣ እንዲህ በግልጹ። ከዚያ እኔ ማድረግ የምችለው ነገር ካለ አንድ መስመር እጨምራለሁ፤ ነገ ደውዬ ላነጋግራቸው፣ እንደ ማለት። ሕዝቅያስም ደብዳቤውን ከመዘርጋቱ በፊት ቅጥሩን ጠግኖ፣ ምንጮቹን ደፍኖ ነበር፤ 2ኛ ዜና መዋዕል 32 ይነግረናል። የኛ ከተማም ከጎርፉ በኋላ በደቻቱ ዳር ግንብ ሠርታለች፤ ግንብ መሥራት እምነት ማጣት አይደለም። የቀረውን ግን፣ በእጄ የሌለውን፣ ለእሱ እተወዋለሁ። ከጎን ያለውን ገጽ ባዶ እተወዋለሁ። መልሱ የሚጻፍበት ነው።

አንዱን ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ባለቤቴ ከጅቡቲ ሲመለስ ሁለት ሌሊት ስልኩ ጠፋ። ሁለት ሌሊት! የዚያን ጊዜ ገጽ ላይ ጽሕፈቴ አይነበብም። እንባ ያበላሸው ቦታ አለ። “ጌታ ሆይ፣ ልጆቼን ያለ አባት አታስቀርብኝ” የሚል ይነበባል። በሦስተኛው ቀን አቧራ ለብሶ መጣ። መኪናው በረሃ ላይ ተበላሽቶበት ነበር። የስልኩ ባትሪም አልቋል። አንድ የአርብቶ አደር ቤተሰብ አገኘው። ቋንቋቸውን በደንብ አያውቅም። ጥላ ሰጡት፣ የግመል ወተት ሰጡት፣ ማታ አጠገባቸው ምንጣፍ አነጠፉለት።

ደብተሩን አውጥቼ ሰዓቱን አመሳከርን። እኔ ለቅሶ በተቀመጥኩበት ሌሊት እሱ ጠጥቶ ጠግቦ፣ ከሰማይ በታች ተኝቷል። በባዶው ገጽ ላይ “የግመል ወተት” ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ሳሙኤል ድንጋይ አቁሞ “እስከ አሁን ድረስ እግዚአብሔር ረድቶናል” ሲል አቤንኤዘር ብሎ ጠራው፤ የኔ አቤንኤዘር እነዚያ ሁለት ቃላት ናቸው። አሁን ስልኩ ሲጠፋ መጀመሪያ የምገልጠው ያንን ገጽ ነው።

ሌላም ደብተሩ ያስተማረኝ ነገር አለ። የነገን ጭንቀት ዛሬ መጻፍ አያዋጣም። በድሬ ሙቀት ምሳ የተረፈ ወጥ ካልተሞቀ ለነገ አይደርስም፤ ይህን የማታውቅ የድሬ ሴት የለችም። በምድረ በዳም እስራኤል መናውን ለነገ ሲያስቀምጡ ተልቶ ሸተተ፤ ዘጸአት 16። እግዚአብሔር ጸጋውን የሚሰጠው በየቀኑ ልክ ነው። ለሚመጣው ዓመት መከራ የሚሆን ጸጋ ዛሬ ማታ እጄ ላይ የለም። ስለዚህ ነው የሚመጣውን ዓመት መከራ ዛሬ ስሸከመው የሚሰብረኝ። ጌታም “ለቀኑ ክፋቱ ይበቃዋል” ያለው ለዚህ ይመስለኛል።

ሁሉም ገጽ ግን አልተሞላም። ይህን ካልነገርኳችሁ ዋሸሁ። እናቴ ስትታመም ብዙ ገጽ ጽፌያለሁ። ጾሜአለሁ፣ ኅብረቱም ጸልዮላታል። እናቴ አረፈች። ከጎን ያለው ገጽ ባዶ ነው። “በጌታ እቅፍ ናት” ብዬ ልሞላው እችል ነበር፤ እውነትም ነው፣ አምናለሁ። ግን የጠየቅሁት እሱን አልነበረምና ባዶውን ተውኩት። መዝሙር 88 ያለ ምስጋና፣ በጨለማ ነው የሚያልቀው። እግዚአብሔር ያንን መዝሙር ከመጽሐፉ አላወጣውም። የኔን ባዶ ገጽም ይታገሠዋል።

ጳውሎስም ጭንቀት የማያውቀው ሰው አልነበረም። በ2ኛ ቆሮንቶስ 11፥28 ላይ ዕለት ዕለት የሚከብድብኝ “የአብያተ ክርስቲያናት ሁሉ አሳብ ነው” ይላል። ይኸው ሰው ታስሮ ሳለ ለፊልጵስዩስ ሰዎች “በአንዳች አትጨነቁ” ብሎ ጻፈ። ጸሎትን፣ ምልጃን፣ ምስጋናን ጠቅሶ የእግዚአብሔር ሰላም “ልባችሁንና አሳባችሁን” ይጠብቃል አለ። በግሪኩ “ይጠብቃል” የሚለው ቃል የወታደር ጥበቃ ነው። ሐሳባችሁ ይጠፋል አላለም። ዘበኛ ይቆምለታል ነው ያለው። ሐሳቡ ለካ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ በሩ ላይ ግን የቆመ አለ።

አንድ ነገር በአጭሩ። ጭንቀቱ እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት ከከለከላችሁ፣ ልብ የሚያፈርስ ከሆነ፣ ሐኪም እዩ። ይህ የእምነት ጉድለት አይደለም። ኤልያስ ሞትን በለመነ ጊዜ የእግዚአብሔር መልአክ መጀመሪያ ስብከት አልሰበከለትም። እንጎቻ አቀረበለት፣ ውሃ ሰጠው፣ እንደገናም እንዲተኛ ተወው።

ዛሬ ማታ ይህን የምጽፈው ግቢ ውስጥ ሆኜ ነው። መብራት ሄዷል፣ በስልክ ብርሃን ነው። ባለቤቴ ከደወሌ ወዲያ ነው፣ ስልኩ አይሠራም። ደንገጎ ላይ ደመና አለ።

ባለፈው እሑድ እኒያን እናት ስለ ነጠላቸው ጠየቅኳቸው። ጫፉ ላይ ከሌሎቹ የጠቆረች፣ ያረጀች አንዲት ቋጠሮ አለች። “ይቺስ?” አልኳቸው። “የልጄ ናት” አሉኝ። ልጃቸው ከቤት ከወጣ ስንት ዓመቱ። “አልተፈታችም። ነጠላዬን ባጠብኩ ቁጥር እነካታለሁ፣ ስሙን እጠራለሁ” ብለው በጣታቸው ዳበሷት።

እኔም ደብተሬን ዘርግቻለሁ። ቀኑን ጻፍኩ። “ጌታ ሆይ” ብዬ ጀምሬያለሁ። የጎኑ ገጽ ባዶ ነው።