ግብራችንን የሚወስነው ብራሰልስ ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

መቀመጫው ብራሰልስ የሆነው የአውሮፓ ኅብረት ስለ ግብር ባነሳ ቁጥር በአባል አገሮቹ «ሉዓላዊነታችን ተደፈረ» የሚል ጩኸት ይሰማል። ጩኸቱ ሁሌም ከንቱ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚነሣው በማይመለከተው ቦታ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«የግብር ምጣኔውን የሚቆርጠው ብራሰልስ ነው»

የኩባንያ ትርፍ ግብር በሃንጋሪ 9፣ በቡልጋሪያ 10፣ በፈረንሳይ 25 በመቶ ነው። አንድ ወሳኝ ቢኖር ይህ ሁሉ ልዩነት ከየት ይመጣ ነበር? በቫት ላይ ግን ኅብረቱ ወለል አስቀምጧል፤ መደበኛው ምጣኔ ከ15 በመቶ ማነስ የለበትም። የኢትዮጵያ ቫትም 15 በመቶ ስለሆነ እዚያ ቢሆን ወለሉን ብቻ የነካ ነበር። ከዚያ በላይ ያለው የየአገሩ ፈንታ ነው፤ ሉክሰምበርግ 17፣ ሃንጋሪ 27 በመቶ ታስከፍላለች።

«ኅብረቱ በቀጥታ ከዜጋው ኪስ ይሰበስባል»

የገቢ ግብር ሰብሳቢ የለውም። ከጉምሩክ ቀረጥ ሦስት አራተኛውን ይወስዳል፤ ቀሪው በአብዛኛው የአባል አገሮች መዋጮ ነው።

«ትልልቆቹ ትንንሾቹን በድምፅ ብልጫ ይጫኗቸዋል»

በግብር ጉዳይ የድምፅ ብልጫ አይሠራም። 27ቱም አባል አገሮች ካልተስማሙ ሕግ አይወጣም፤ ማልታ ብቻዋን እምቢ ብትል ነገሩ እዚያው ይቆማል። እንዲያውም የእኔ ሥጋት ተቃራኒው ነው፤ እምቢታው ሌላ ጥቅም ማግኛ መደራደሪያ ይሆናል። ዓመታዊ ገቢያቸው 750 ሚሊዮን ዩሮና ከዚያ በላይ የሆኑ ኩባንያዎች ቢያንስ 15 በመቶ ግብር እንዲከፍሉ የቀረበውን ሕግ ሃንጋሪ ለወራት አግታው ነበር። በታኅሣሥ 2022 የለቀቀችው ለዩክሬን ከሚሰጠው ብድርና ለራሷ ከተያዘባት የኅብረቱ ገንዘብ ጋር በአንድ ድርድር ነው።

«እንግዲያው ሉዓላዊነት ምንም አልተነካም»

ይህም ስሕተት ነው። በ2016 የኅብረቱ አስፈጻሚ አካል የሆነው የአውሮፓ ኮሚሽን፣ አየርላንድ ግብር በማቅለል ለአፕል ሕገወጥ ድጎማ ሰጥታለችና እስከ 13 ቢሊዮን ዩሮ ትሰብስብ ብሎ ወሰነ። የሚገርመው፣ አየርላንድ «ገንዘቡን አልፈልግም» ብላ ከአፕል ጋር አብራ ተከራከረች። በ2020 የኅብረቱ የሥር ፍርድ ቤት ፈረደላት፤ በመስከረም 2024 የበላዩ ፍርድ ቤት ያንን ሽሮ የኮሚሽኑን ውሳኔ አጸና። ኮሚሽኑ የገባው በግብር በር አልነበረም፤ በነጻ ውድድር ሕግ ነው፣ እዚያ ደግሞ የ27ቱ ስምምነት አያስፈልግም። ሉዓላዊነት ተነካ የሚል ሰው ክርክሩን እዚህ ላይ ቢያነሳ ይሻለዋል። ያም ሆኖ ፍርዱ የአየርላንድን 12.5 በመቶ ምጣኔ አልነካም፤ የነካው የግብር መሥሪያ ቤቷ በ1991 እና በ2007 ለአንድ ኩባንያ ለይቶ የሰጠውን ውሳኔ ነው።