ዘላቂ የፍቺ ስምምነት ምንድን ነው?

የፍቺ ስምምነት ማለት ባልና ሚስት በጋራ ፈቃዳቸው ለመለያየት ሲወስኑ የንብረታቸውን ክፍፍል፣ የልጆቻቸውን አኗኗርና ቀለብ ራሳቸው ተነጋግረው በጽሑፍ የሚያሰፍሩበት፣ ፍርድ ቤትም መርምሮ የሚያጸድቀው ሰነድ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ጉዳይ ያዩ የነበሩት የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ይህን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠ፤ መንዝና ደብረ ብርሃን በሚገኙበት የአማራ ክልል ደግሞ የክልሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ይሠራል። ሽማግሌ ማስታረቅም ንብረት ቆጥሮ ማግባባትም ይችላል፤ ጋብቻውን የሚያፈርሰው ግን እርሱ ያስፈረመው ወረቀት አይደለም።

«ዘላቂ» የሚለውን ቃል የጨመርሁበት ምክንያት አለ። እንዲህ ያለው ሰነድ ብዙውን ጊዜ የዕለቱን ቆጠራ ይመስላል፤ ይህን ያህል በግ ለእርሷ፣ በሬው ለእርሱ፣ የጎተራው እህል እኩል ለእኩል። የመንዝ በግ በሁለት ዓመት ውስጥ ይረባል ወይም ያልቃል፤ መሬቱና ልጁ ግን ሁለቱን ሰዎች ለብዙ ዓመት ያገናኟቸዋል።

መሬቱን እንመልከት። የገጠር መሬት ስለማይሸጥ የሚከፋፈለው የመጠቀም መብቱ ነው፤ በአማራ ክልልም ተጋቢዎች በጋራ የያዙት መሬት በይዞታ ደብተሩ ላይ በሁለቱም ስም ይመዘገባል። ሚስት ከፍቺው በኋላ ሥራ ፍለጋ ወደ ደብረ ብርሃን ብትገባ ድርሻዋን ማን ያርሰዋል? በእኩል የምታሳርስ ከሆነስ አራሹን የሚመርጠው ማን ነው፣ ዘሩንስ የሚያወጣው? ይህን ያልጻፈ ስምምነት ገና በመጀመሪያው ክረምት ጠብ ይወልዳል። ክፍፍሉ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ካልተመዘገበም አሮጌው ደብተር የሁለቱን ስም እንደያዘ ይቀራል፣ ክርክሩንም ከሁለተኛ ጋብቻ የተወለዱ ልጆች ይወርሱታል።

ቀለብ ከዚህም ይበልጥ አርቆ ማሰብን ይጠይቃል። የ4 ዓመት ልጅ 18 ዓመት እስኪሞላው 14 ዓመት ይቀረዋል፤ ዛሬ በቂ የሚመስለው የብር መጠን ያን ያህል ጊዜ ዋጋውን ጠብቆ አይቆይም። ደመወዝተኛ ከሆነ ከደመወዙ በመቶኛ ማሰብ ይሻላል። ገበሬ ግን በየወሩ የሚቆጥረው ገንዘብ የለውም፤ ገቢው የሚደርሰው አዝመራው ሲሰበሰብ ነው፣ በልግ በሚዘራበት ደጋ ደግሞ ወቅቱ ሌላ ነው። ስለዚህ ቀለቡን በኩንታል ወስኖ የእህሉን ዓይነት፣ የሚሰጥበትን ወርና የማጓጓዣውን ወጪ መጻፍ፣ በእኔ ግምት፣ ከወርኃዊ ብር ይልቅ ለመፈጸም የሚቀል ነው። ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ከገጠር ቀበሌ ወጥቶ ከተማ ቤት ይከራይ ይሆናል፤ ኪራዩን የሚከፍለውና በየሳምንቱ ስንቅ የሚያቀብለው ማን እንደሆነ ልጁ ገና ፊደል ሳይቆጥር መወሰን ያስቃል እንጂ አይጎዳም።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መታወቅ አለበት። ስለ ልጆች የተወሰነው ሁኔታዎች ሲለወጡ በጥያቄ ሊሻሻል ይችላል፤ የንብረት ክፍፍል ግን አንዴ ከጸደቀ እንደገና የሚከፈተው በጠባብ በር ነው። በንብረቱ ላይ መቸኮል፣ በልጁ ላይ መገተር ሁለቱም ስሕተት የሚሆኑት ለዚህ ነው። ስምምነቱ የልጆቹን ጥቅም በበቂ የማይጠብቅ ከሆነ በፌዴራሉ ሕግ ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ውጤቱን ራሱ ይወስናል። ይኸው ሕግ ተጋቢዎቹ ደግመው እንዲያስቡ ከ3 ወር ያልበለጠ ጊዜ ለመስጠትም ይፈቅዳል፤ ያ ጊዜ ለዕርቅ ባይሆን እንኳ ረቂቁን ዐንቀጽ በዐንቀጽ ለማንበብ ይበቃል።

ዕዳም አለ። ለቤቱ ጥቅም የተወሰደ ብድር የጋራ ዕዳ ነው፤ «ብድሩን እርሱ ይከፍላል» ተብሎ መጻፉ ባልና ሚስቱን እንጂ አበዳሪውን አያስርም። ከዕዳው የምትወጣው ወገን ነጻ መሆኗን የሚገልጽ ጽሑፍ ከአበዳሪው ማግኘት ያለባት ስምምነቱን ከመፈረሟ በፊት ነው።